ምዕራፍ 7፦ ስንት ፒክስል ይበቃል? ለሥራና ለመዝናኛ የሚሆን ሞኒተር አመራረጥ

በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ በቡና ጫካ መካከል ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንደ ብዙዎቹ የጣና ገዳማት ክብ ነው። መቅደሱን የሚከብበው ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሉ ያረፈው በጥጥ ሸማ ላይ ሲሆን ሸማው ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል። በላዔ ሰብእም፣ መላእክቱም፣ ሰማዕታቱም እዚያ አሉ፤ ቀዩ ደማቅ፣ ቢጫው የሞቀ ነው፤ የልብሱ እጥፋት ደግሞ በቀጫጭን መስመር ተከፋፍሏል። ብርሃን የሚገባው ግን በበሮቹ በኩል ብቻ ስለሆነ ከፊሉ ሥዕል ፀሐይ ሲያገኝ ከፊሉ በጥላ ውስጥ ይቆያል።

ይህ ሥዕል በፈቃድ፣ ያለ ፍላሽ፣ በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ተነሣ እንበል። ፋይሉ በአግድም 6,000፣ በቁመት 4,000 ፒክስል ይይዛል፤ በድምሩ 24 ሚሊዮን። ባሕር ዳር ላይ ያለ የፎቶ ባለሙያ ፋይሉን በተለመደው የ1920 በ1080 ሞኒተር ሲከፍት ስክሪኑ ያለው ፒክስል 2,073,600 ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ሥዕሉን በሙሉ ለማየት ካሳነሰው ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይዋጣሉ፤ ፒክስሉን በፒክስል ካየው ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚገባለት ከሥዕሉ ዐሥር እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። ያው ፋይል በ4ኬ ሞኒተር ሲከፈት 8,294,400 ፒክስል ይስተናገዳል፤ ይህም ከሥዕሉ ሲሶ ትንሽ በለጥ ይላል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው 4ኬ ይገዛ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ያው ባለሙያ ማታ ሞኒተሩን ወደ ሳሎን ወስዶ ከ2 ሜትር ርቀት ኳስ ቢያይበት እነዚያ ስምንት ሚሊዮን ፒክስሎች አንዳች አይጨምሩለትም። ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳውም ይህንኑ ነው። ሞኒተር የሚመረጠው ካርቶኑ ላይ ከታተመው ቁጥር ተነሥቶ አይደለም። መነሻው ማየት የምንፈልገው ትንሹ ነገርና ዓይናችን የሚቀመጥበት ርቀት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ገበያ ላይ የሚገኙት ሞኒተሮች ባብዛኛው በሦስት ደረጃ ይመደባሉ። የመጀመሪያው ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነው። ሁለተኛው ኪውኤችዲ፣ ማለትም 2560 በ1440 ሲሆን ወደ 3.7 ሚሊዮን ፒክስል ይይዛል። ሻጮች ብዙውን ጊዜ «2ኬ» ይሉታል። ሦስተኛው 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ነው፤ ስሙን ያገኘው አግድሙ ወደ 4,000 ስለሚጠጋ ነው። 4ኬ ከፉል ኤችዲ ልክ አራት እጥፍ ፒክስል አለው።

እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ስለ ምስሉ ጥራት የሚነግሩን ጥቂት ነው፤ ፒክስሎቹ በምን ያህል ስፋት ላይ እንደ ተዘረጉ አይገልጹምና። ሸማኔ አንድ ዓይነት የክር ብዛት ይዞ ጠባብም ሰፊም ሸማ ሊሠራ ይችላል፤ ሰፊው ግን ይሳሳል። ሞኒተርም እንደዚሁ ነው። ልኩ ፒፒአይ ይባላል፤ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ የሚሰለፉት ፒክስሎች ቁጥር ማለት ነው።

ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ 92 ፒፒአይ ገደማ አለው። ያው ፉል ኤችዲ ወደ 27 ኢንች ሲሰፋ ወደ 82 ይወርዳል። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰፋ ያለውን ስክሪን «የተሻለ» ብሎ ይገዛና ቤቱ ሲደርስ ፊደሉ ሻካራ ይሆንበታል። ባለ 27 ኢንች ኪውኤችዲ 109፣ ባለ 27 ኢንች 4ኬ 163፣ ባለ 32 ኢንች 4ኬ ደግሞ 138 ፒፒአይ ገደማ አላቸው። ባለ 32 ኢንች ኪውኤችዲ ተመልሶ 92 ነው፤ በጥግግቱ ከባለ 24 ኢንቹ ፉል ኤችዲ አይለይም፤ ብልጫው የስፋት ብቻ ነው።

ፒክስሉ የሚጠፋበት ርቀት

ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ገደማ ነው። ከዚያ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች ለዓይን አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞኒተር ፒክስሎቹ ተዋህደው የሚጠፉበት ርቀት አለ፤ ከዚያ ርቀት ወዲያ ተጨማሪ ፒክስል መግዛት ዓይን የማያየውን መግዛት ነው።

ስሌቱ አጭር ነው፦ 8,700ን ለሞኒተሩ ፒፒአይ ሲያካፍሉ ርቀቱን በሴንቲ ሜትር ያገኛሉ። ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ባለ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ 106፣ ባለ 27 ኢንች ኪውኤችዲ 80፣ ባለ 32 ኢንች 4ኬ 63፣ ባለ 27 ኢንች 4ኬ ደግሞ 53 ነው።

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ከስክሪኑ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በዚህ ርቀት የፉል ኤችዲ ፒክስል ላስተዋለው ይታያል፤ የኪውኤችዲው ለመጥፋት ይቃረባል፤ ባለ 27 ኢንቹ 4ኬ ግን ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከ2 ሜትር የሚያይ ሰው ጋ ስንመጣ ሁሉም እኩል ይሆናሉ። ባለ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ እንኳ ከአንድ ሜትር ከ10 ወዲያ ፒክስሉ አይለይም። ለሥራ የተገዛ 4ኬ ጥቅሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሶፋው ላይ የለም።

በዚሁ ስሌት የቴሌቪዥንን ነገርም መመዘን ይቻላል። ባለ 43 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን በሞኒተር ፈንታ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። ጥግግቱ 102 ፒፒአይ ገደማ ስለሆነ ቢያንስ 85 ሴንቲ ሜትር መራቅ ይጠይቃል፤ በጠባብ ጠረጴዛ ላይ ይህ አይሆንም። ሌላም ችግር አለ፦ ብዙ ቴሌቪዥኖች፣ ቅንብራቸው ካልተስተካከለ፣ የቀለሙን መረጃ ከብርሃኑ መረጃ አሳንሰው ያሳያሉ። ፊልም ላይ አይታወቅም። በቀይ የተጻፈ ቀጭን ፊደል ላይ ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ለሚጽፍ የብራና ባህል ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ፊደላችን እንደ መፈተኛ

የሞኒተር ግምገማዎች በአብዛኛው የሚጻፉት በላቲን ፊደል ለሚሠሩ ሰዎች ነው። በላቲን 92 ፒፒአይ የሚበቃው ሰው ብዙ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ከስክሪን የሚጠይቀው ይበልጣል። ምክንያቱም አንዱን ሆሄ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ቅጥያ ናት። «ቡ» በጎኑ መካከል ላይ አጭር ሰረዝ አለው፤ «ቢ» ሰረዙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ «ቤ» እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ይሠራል። «ጨ»፣ «ጿ»፣ «ዧ» ደግሞ በአንድ ፊደል ስፋት ውስጥ ብዙ መስመር ያጭቃሉ።

በመደበኛ የዊንዶውስ ቅንብር በ12 ፖይንት የተጻፈ ፊደል የሚያገኘው ቦታ 16 ፒክስል በ16 ፒክስል ነው፤ በድምሩ 256 ፒክስል። በዚህ ውስጥ የ«ቤ» ቀለበት ቀዳዳ አንድ ፒክስል ብቻ ሊደርሳት ትችላለች፤ እሷ ከተደፈነች «ቤ» እና «ቢ» አንድ መስለው ቁጭ ይላሉ። በባለ 27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር ላይ የማጉያ ቅንብሩ 150 በመቶ ሲደረግ ያው ፊደል 24 በ24 ፒክስል ያገኛል፤ 576 ማለት ነው። በመለኪያ ሲለካ የፊደሉ ቁመት በባለ 27 ኢንች ኪውኤችዲ ላይ ከሚታየው ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም 3.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ልዩነቱ በዚያችው ቦታ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ፒክስል መግባቱ ነው። ቀለበቷ ቀዳዳዋን ታገኛለች፤ ሰረዙም ከእግሩ ይለያል።

ይህ ከቅርጸ ፊደሉ ዓይነት ጋርም ይያያዛል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለው ወጥ ውፍረት ያለው ቅርጽ በዝቅተኛ ጥግግትም ይነበባል። እንደ አቢሲኒካ ያለው፣ የብዕርን ወፍራምና ቀጭን ጉዞ የሚከተለው ቅርጽ ግን ቀጭኑ መስመር እንዳይቆራረጥ ብዙ ፒክስል ይፈልጋል። መጽሐፍ የሚያርም፣ ጋዜጣ የሚያቀናብር ወይም የሕግ ሰነድ የሚጽፍ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያፈጠው በእነዚህ መስመሮች ላይ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የፒክስል ጥግግት ጌጥ አይደለም፤ በቀጥታ ከእርማት ስሕተት ጋር የተያያዘ ነገር ነው።

የብራና ሥራ ፈተናውን የበለጠ ያከብደዋል። የጣና ገዳማት መጻሕፍት በፊልም መነሣት የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው። ሊቁ ኧርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሐይቁን ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ፤ የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት የሚዘረዝረው የመጀመሪያው የካታሎጉ ክፍልም በ1973 ታተመ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ሥራውን ጀመረ፤ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን በፊልም አስቀረ። የፊልሞቹ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው ከዚህ ስብስብ ጋር የተሳሰረው ለዐሥርተ ዓመታት መጻሕፍቱን እያነበቡ ስለመዘገቡ ነው። ዛሬ ከስብስቡ ብዙው በኢንተርኔት ይነበባል። ያኔ የፊልም ማንበቢያ መሣሪያ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ በአንድ ጥሩ ሞኒተር ፊት ይሠራል።

እዚህ ላይ ለገዢ የሚጠቅም ልዩነት አለ። የያኔው ማይክሮፊልም በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። እሱን ለማንበብ የቀለም ትክክለኛነት ብዙ አያሳስብም፤ የሚያስፈልገው ጥግግትና በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት ጉልህ መሆኑ ነው። ድጓን የመሰለ የዜማ መጽሐፍ ለሚያነብ ደግሞ ከዋናው ጽሑፍ በላይ በደቃቁ የተጻፉት የዜማ ምልክቶች አሉ። እነሱን ዓይን ሳያጠብቡ ለማንበብ ከ140 ፒፒአይ በላይ ያለው ስክሪን ዋጋውን ይመልሳል።

የሞኒተሩ መቆሚያም እዚህ ይታሰብ። ብራና ቁመቱ ከስፋቱ ይበልጣል፤ ስክሪን ግን ወደ ጎን ይሰፋል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገጽ በ300 ፒፒአይ ሲነሣ 3,543 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል። ፉል ኤችዲ ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ከቁመቱ ሲሶ አይሞላም። 4ኬ ሞኒተር በመቆሚያው ላይ ዞሮ ሲቆም ግን ቁመቱ 3,840 ፒክስል ስለሚሆን ገጹ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳይቀነስ ይገባል፤ ያውም ከእውነተኛው ቁመቱ ወደ እጥፍ ተጠግቶ። ስለዚህ ለንባብና ለእርማት የሚገዛ ሞኒተር መቆሚያው የሚዞርና ከፍታው የሚስተካከል መሆኑ ቢረጋገጥ ጥሩ ነው። ርካሽ ሞኒተሮች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥቡት በዚህ ላይ ነው።

ቀለምና ጥላ

ከብራናው ወደ ግድግዳው ሥዕል ስንመለስ መለኪያው ይለወጣል። ሥዕሉ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ቀዩ ቀይ ሆኖ መታየቱና በጥላው ውስጥ ያለው መልክ አለመጥፋቱ ነው። ይህን የሚወስነው የፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው የስክሪኑ ክፍል፣ ዓይነት ነው።

ቲኤን የሚባለው የቆየና ርካሽ ፓነል ነው፤ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ዞር ሲሉ ቀለሙ ይለዋወጣል። አይፒኤስ የተባለውን ቴክኖሎጂ ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ያወጣው ይህን ድክመት ለማስቀረት ነበር። በአይፒኤስ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ቀለም ያያሉ። ድክመቱ ጥቁሩ ላይ ነው፤ የተለመደ አይፒኤስ ነጩ ከጥቁሩ 1,000 ጊዜ ገደማ ይደምቃል፤ ስለዚህ በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። ቪኤ ፓነል ይህን ልዩነት ወደ 3,000 ያደርሰዋል፤ ነገር ግን ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይገረጣል፤ ፈጣን ጥቁር ምስልም ጭራ ይተዋል። ኦሌድ ደግሞ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው። የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ፣ ግማሹ በበር ብርሃን ግማሹ በጥላ የሆነው፣ በኦሌድ ላይ ያምራል። ነገር ግን ኦሌድ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የማይንቀሳቀስ ምስል ከቆመበት አሻራው ሊቀርበት ይችላል። የጽሑፍ ፕሮግራም ጠርዝ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚቆምበት ቢሮ ይህ ያሳስባል።

የቀለም መስፈርትም አለ። ኤስአርጂቢ የሚባለውን መስፈርት ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 አውጥተውታል፤ የኢንተርኔት ፎቶ እስከ ዛሬ በአብዛኛው በእሱ ይሠራል። ለፎቶ፣ ለሠርግ ቪዲዮና ለሕትመት የሚውል ሞኒተር ከኤስአርጂቢ 99 በመቶ ገደማ የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል። ካርቶኑ ወይም መመሪያው ላይ «ዴልታ ኢ ከ2 በታች» የሚል ካለ የቀለሙ ስሕተት ለዓይን እምብዛም የማይታወቅ ነው ማለት ነው። ይህን ካላዩ ሥዕሉን ያደመቀው ሠዓሊው ይሁን ሞኒተሩ መለየት ይቸግርዎታል። ብዙ ሞኒተሮች በፋብሪካ ቅንብራቸው ቀለሙን ከልክ በላይ አድምቀው ነው የሚመጡት፤ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስቡ። የዘጌ ቀይ ያለ ማጋነኛም የሚበቃ ድምቀት አለው።

ድምቀትን በተመለከተ (መለኪያው ኒት ይባላል) ለቤት ውስጥ ከ250 እስከ 350 ኒት ይበቃል። ባሕር ዳር ላይ መስኮት ተከፍቶ ፀሐይ ሲገባ ግን ደካማ ስክሪን መስታወት ይሆናል። መፍትሔው መጀመሪያ አቀማመጥ ነው፦ ሞኒተሩ ለመስኮቱ ፊትም ጀርባም ሳይሰጥ ጎኑን ይስጥ። ከዚያ በኋላ የማያንጸባርቅ ወለል ያለውን መምረጥ ይከተላል። ኤችዲአር (በብርሃንና በጥላ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰፋ) የሚል ምልክት ያለባቸው ሞኒተሮች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ይታይ፤ 400 የሚለው ደረጃ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው፤ በፊልም ላይ የሚያመጣው ለውጥም ትንሽ ነው።

ኳስና ፊልም

ለመዝናኛ ሲሆን ስክሪኑ ከምንጩ በላይ ሊያሳይ አይችልም። በሳተላይት የምናያቸው ጣቢያዎች ጥሩዎቹ ኤችዲ ናቸው። ጨዋታው በኤችዲ ከተላለፈ 4ኬ ሞኒተር የጎደሉትን ፒክስሎች በግምት ይሞላል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም።

በኢንተርኔት 4ኬ ፊልም ማየት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ዳታው ላይ ነው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል፤ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል። ያው ፊልም በኤችዲ ሲታይ እስከ 3 ጊጋባይት ነው። ዳታ በጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው የሁለት ሰዓት የ4ኬ ፊልም 14 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ይህን ወጪ የማይችል ሰው ለመዝናኛ ሲል 4ኬ ቢገዛ ትርፉ ትንሽ ነው።

የኸርትዝ ጉዳይም ይነሣል፤ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ማለት ነው። ለጽሑፍ፣ ለፊልምና ለኳስ 60 ኸርትዝ ይበቃል። 144ና ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ጨዋታ ለሚወድ ነው፤ እሱም ቢሆን ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ቁጥሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ኮምፒውተሩ፣ ኬብሉ፣ መብራቱ

ብዙ የ4ኬ ቅሬታ ከሞኒተሩ ሳይሆን ከኬብሉና ከሶኬቱ የሚመጣ ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 የሚባለው ሶኬት 4ኬን የሚያስተላልፈው በ30 ኸርትዝ ብቻ ነው፤ የመዳፊቱ ቀስት እየዘለለ ይሄዳል፤ ሰውየውም ሞኒተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 በ60 ኸርትዝ ያስተላልፋል። ዲስፕሌይፖርት 1.2ም እንዲሁ። ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ አሮጌው ሶኬት በብዛት ስለሚገኝ ከመግዛት በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ይዞ ማጣራት ያስፈልጋል። ዩኤስቢ ሲ ያላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች፣ ሶኬቱ ምስል የሚያስተላልፍ ዓይነት ከሆነ፣ በአንድ ኬብል ምስልም ሊልኩ ቻርጅም ሊደረጉ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሞኒተር ጠረጴዛን ከኬብል ክምር ያድናል።

ሌላው የመብራት ነገር ነው። ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር 20 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 27 ኢንች 4ኬ ከ30 እስከ 50 ይደርሳል። በፍጆታ ሂሳብ ይህ ትንሽ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በዩፒኤስ ላይ የሚቆይበትን ደቂቃ ግን ያሳጥራል። መብራቱ ሲመላለስ ኃይሉ የሚዋዥቅበት አካባቢ ላለ ሰው ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ የሞኒተሩ ዋጋ አካል ተደርጎ ይታሰብ። ውድ ሞኒተር ገዝቶ በተራ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ገንዘብን ለዕድል መተው ነው።

ስለ ዋጋ በብር መጻፍ ለዚህ መጽሐፍ አይሆንም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር መጽሐፉ ሳይታተም ያረጃል። የማይለወጠው የግዢው ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ፓነሉ አይፒኤስ ይሁን፤ ቀጥሎ ጥግግቱ ይታይ፤ ስፋቱና ኸርትዙ ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ሱቅ ውስጥ

ሱቅ ውስጥ የሚከፈተው ማሳያ ቪዲዮ ለሽያጭ የተሠራ ነው፤ ማንኛውንም ስክሪን ያሳምራል። ስለዚህ ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። በፍላሹ ላይ አራት ነገር ይኑር፦ በ10 እና በ12 ፖይንት የተጻፈ አንድ ገጽ አማርኛ፤ ጥላና ደማቅ ቀለም አብረው ያሉበት አንድ ፎቶ፤ አንድ ደቂቃ የኳስ ቪዲዮ፤ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ አምስት ባዶ ምስሎች። ባዶዎቹ ምስሎች የሞተ ፒክስልን ያጋልጣሉ፤ በተለይ ያገለገለ ሞኒተር ሲገዛ ያለ እነሱ ገንዘብ አይቆጠር። ጥቁሩ ላይ ደግሞ በጠርዞቹ ብርሃን የሚያፈስ መሆኑን ያያሉ።

ከዚያ ወንበር ይጠይቁና ከስክሪኑ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጡ። ቆሞ በክንድ ርዝመት ማየት አያስተማምንም። ገጹን ያንብቡ፤ ፎቶውን ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ ይመልከቱ። ሻጩ ቅንብሩን ቢያደምቀው ወደ ኤስአርጂቢ ወይም ወደ መደበኛው እንዲመልሰው ይንገሩት።

ፍርዱን ባጭሩ ላስቀምጥ። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ አይፒኤስ ይግዙ፤ በዚያው ገንዘብ ባለ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ቢሰጥዎት አይቀበሉ። ቀን ጽፈው ማታ ፊልም የሚያዩ ከሆነና ኮምፒውተርዎ መካከለኛ ከሆነ ባለ 27 ኢንች ኪውኤችዲ ሁለቱን ያስታርቃል። ብራና የሚያነብ፣ መጽሐፍ የሚያርም፣ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ኮምፒውተሩ 4ኬን በ60 ኸርትዝ ማስተላለፍ ከቻለ ባለ 27 ኢንች 4ኬ አይፒኤስ፣ መቆሚያው የሚዞር፣ ቢገዛ አይቆጭም። ከሶፋ ሆኖ ኳስና ፊልም ብቻ ለሚያይ ግን ሞኒተር መግዛቱ ራሱ አያስፈልገውም፤ ጥሩ ቴሌቪዥን ይበቃዋል።

ሁለት ሞኒተሮች እኩል ሆነው ከታዩዎት ደግሞ ያንኑ የአማርኛ ገጽ በ10 ፖይንት ከፍተው «ቢ» እና «ቤ»ን ይፈልጉ፤ ዓይንዎን ሳያጠብቡ የሚለዩበትን ይግዙ።